የቸኮሌት ማካሮን በአዲስ አበባ ምድጃ፦ አናቱ ለምን ይሰነጠቃል? ውስጡስ ለምን ባዶ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የቸኮሌት ማካሮን (በእንቁላል ነጭ፣ በስኳርና በአልመንድ ዱቄት የሚሠራውን፣ ሁለት ቅርፊት በመሙያ የሚጣበቅበትን ትንሽ ብስኩት) በቤቴ ለመሥራት ደጋግሜ ሞክሬአለሁ። አንድ ጊዜ አናቱ ይሰነጠቃል፤ ሌላ ጊዜ መልኩ አምሮ ይወጣና ሲቆረስ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ አንዳንዴም ጠፍጣፋ ሆኖ "እግር" የሚባለውን የጠርዙን የተፈረካከሰ መስመር ሳያወጣ ይቀራል። የምከተለው የፈረንሳይ አዘገጃጀት ነው፤ ግራሙንም አላዛባም። ጥፋቱ የኦቨኔ ነው ወይስ የእጄ? በጾም ወቅትስ ያለ እንቁላል መሥራት ይቻላል?

የባለሙያ ምላሽ፦

ጠያቂያችን፣ ሚዛን ይጠቀማሉ፤ ልኩን ይጠብቃሉ፤ ሲበላሽም ተስፋ አይቆርጡም። እንዲህ የሚሠራ ሰው እጁ ላይ ትልቅ ጥፋት አይኖርም። የያዙት አዘገጃጀት የተጻፈው ግን ለሌላ አየር ነው። ፓሪስ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ያላለች ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 አካባቢ ይፈላል። ወጥ የሚሠራ ሰው ይህን ልዩነት እሳቱ ላይ ትንሽ በማቆየት ይወጣዋል። ማካሮን ግን አብዛኛው አካሉ በእንቁላል ነጭና በስኳር የተያዘ አየር ስለሆነ ልዩነቱን በሙሉ ይሸከማል።

ምድጃው ውስጥ የሚሆነውን ልንገርዎ፤ ይህን ከተረዱ ሌላው ሁሉ ይቀልልዎታል። በሊጡ ውስጥ ያለችው ጥቃቅን የአየር አረፋ ሲሞቃት ትለጠጣለች። ውጭ የሚጫናት አየር ሲሳሳ በባሕር ጠረፍ ከምትይዘው ቦታ በሲሶ ያህል የበለጠ ትይዛለች። በዚያ ላይ የእንፋሎቱ ግፊት አለ። የእንቁላል ነጭ ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል መርጋት ይጀምርና ወደ 80 ሲጠጋ ይጠነክራል፤ ስኳር ሲበዛበት ደግሞ የሚረጋበት ሙቀት ወደ ላይ ይገፋል። በእኛ ከፍታ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፣ እንቁላሉ በስኳሩ ምክንያት ዘግይቶ ይረጋል፤ ሁለቱ ሊገናኙ ምንም አይቀራቸውም። ስለዚህ ውስጡ ገና ሳይጠነክር እንፋሎቱ ይገፋዋል። አናቱ ደካማ ከሆነ ይሰነጠቃል። አናቱ ከጠነከረ ደግሞ ውስጡ አብሮት ይነሣና ደግፎ የሚያቆመው ሲያጣ ተመልሶ ይወርዳል፤ እርስዎ ሲቆርሱት የሚያገኙት ባዶ ቦታ ይህ ነው።

የገለጿቸው ሦስት ጉድለቶች ግን የአንድ በሽታ ምልክቶች አይደሉም፤ በአንድ መድኃኒትም አይድኑም። መሰንጠቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ላዩ ሳይደርቅ ወደ ምድጃ ሲገባ ወይም ሙቀቱ ሲበዛ ነው። ባዶነት ከመጠን በላይ ከተመታ ሜረንግ (ከስኳር ጋር የተመታ የእንቁላል ነጭ አረፋ)፣ ሳይበቃው ከቀረ ማዋሃድ ወይም በኃይለኛ እሳት ቶሎ ከመጋገር ይመጣል። ጠፍጣፋነት ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ሊጡ ሲታሽ በዝቶበት አየሩን ጨርሷል ማለት ነው። ሊጡ ሲሰነጠቅበት የበለጠ የሚያሽ፣ ሲጠፈጠፍበት ደግሞ የበለጠ የሚመታ ሰው ከአንዱ ጉድለት ወደ ሌላው ሲመላለስ ይኖራል፤ ጥያቄዎን ሳነብ የጠረጠርኩትም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ማለፍ ያልፈለግሁት ነገር አለ። በምሥራቅ ፈረንሳይ የምትገኘው ናንሲ ከተማ የምትኮራበት ማካሮን አናቱ የተሰነጣጠቀ፣ መሙያ የሌለው ነጠላ ብስኩት ነው። ሁለት ለስላሳ ቅርፊቶች በጋናሽ፣ ማለትም በቸኮሌትና በክሬም መሙያ፣ የተጣበቁበት የፓሪሱ ዓይነት ከዚያ በኋላ የመጣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ስለዚህ የተሰነጠቁትን አይጣሉ። ከቡና ጋር ያቅርቧቸው፤ ማንም ቅር አይለውም።

አሁን ወደ ሥራው። ለ100 ግራም የእንቁላል ነጭ፣ 100 ግራም ስኳር፣ 115 ግራም የአልመንድ ዱቄት፣ 115 ግራም ዱቄት ስኳርና 15 ግራም ኮኮዋ ያዘጋጁ። ሠላሳ ያህል ማካሮን ይወጣዋል። እንቁላልን በቁጥር ሳይሆን በሚዛን ይለኩ፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከፈረንጁ በጣም ስለሚያንስ "ሦስት እንቁላል" የሚል አዘገጃጀት እዚህ ምንም ትርጉም የለውም። አልመንዱ በጣም ከተወደደብዎት ለልምምድ ያህል ግማሹን በተላጠና ለስለስ ተደርጎ በተቆላ ኦቾሎኒ ሊተኩት ይችላሉ፤ ጣዕሙ ከቸኮሌት ጋር ይስማማል። ሲፈጩት ግን ከዱቄት ስኳሩ ጋር ቀላቅለው፣ ትንሽ ትንሽ እያረፉ ይፍጩት፤ ስኳሩ ዘይቱን ካልያዘው ወደ ቅቤነት ይለወጣል። አልመንዱም፣ ስኳሩም፣ ኮኮዋውም አንድ ላይ በጥሩ ወንፊት ይለፉ።

ኮኮዋ የቸኮሌት ማካሮንን ከሌላው ዓይነት የሚያከብደው ንጥረ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በመጀመሪያ እርጥበት ይጠጣል፤ ሊጡንም ያወፍረዋል። ሁለተኛ ስብ አለው፤ እንደ ዓይነቱ ከመቶ 10 ወይም 12፣ አንዳንዱ ደግሞ ከ20 በላይ። ስብ ደግሞ የአረፋ ጠላት ነው። ጨለም ያለ ቀለም የፈለገ ሰው ኮኮዋውን ወደ 30 ግራም ሲያሳድገው ሜረንጉ እጁ ላይ ይሞትበታል። 15 ግራም ይበቃል፤ የቸኮሌቱ ጣዕም መምጣት ያለበት ከመሙያው ነው። የስብ መጠኑ አነስተኛ የሆነውን ይምረጡ፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ሦስተኛው ችግር ብዙዎች የማያስተውሉት ነው። ሮዝ ወይም ነጭ ማካሮን ሲበስል ጠርዙ ቡናማ በመሆን ይናገራል። የቸኮሌቱ ግን ከመጀመሪያውም ቡናማ ስለሆነ በዓይን አይታወቅም። መብሰሉን በጣት ነው የሚያውቁት፤ እንዴት እንደሆነ ከታች እነግርዎታለሁ።

ሜረንጉን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ምክር አለኝ፤ የፈረንሳዩን ዘዴ ይተዉትና በስዊሱ ይሥሩ። በፈረንሳዩ ዘዴ ጥሬውን ነጭ እየመቱ ስኳር ይነሰንሱበታል። የገበያችን ስኳር ፍሬው ትልልቅ ስለሆነ ሳይሟሟ ይቀርና አረፋውን ያዳክመዋል። በስዊሱ ዘዴ ግን ነጩንና ስኳሩን በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ቀላቅለው፣ ውሃው ሳህኑን በማይነካበት ድስት ላይ አስቀምጠው፣ በእንፋሎት እያማሰሉ እስከ 50 ወይም 55 ዲግሪ ያሞቁታል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት በሁለት ጣት አሸት አድርገው ይሞክሩት፤ ፍሬ ካልተሰማዎት በቅቶታል። ከዚያ ወደ ሚክሰሩ ይወስዱታል። በዚህ መንገድ የተሠራ ሜረንግ ጠንካራና ታጋሽ ነው፤ የከፍታችንንም አየር በተሻለ ይቋቋማል። የፈላ የስኳር ሽሮፕ በሚመታው ነጭ ላይ የሚፈስበትን የጣሊያኑን ዘዴ የሚመርጡ ከሆነ ሽሮፑን እስከ 118 ዲግሪ አያድርሱት። ያ ልክ የባሕር ጠረፍ ነው፤ በአዲስ አበባ ወደ 110 ሲደርስ ያው ውፍረት ላይ ደርሷል። ይህን ሳያውቁ 118 የሚጠብቁ ሰዎች ሽሮፓቸው ወደ ከረሜላ እየሄደባቸው ሚክሰሩን ይወቅሳሉ።

ሳህኑና መምቻው ቅባት እንዳይኖርባቸው በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ይወልውሏቸው፤ የፕላስቲክ ሳህን አይጠቀሙ። ከአስኳሉ ጠብታ እንኳን ከገባ ያንን ነጭ ለእንቁላል ጥብስ ያውሉትና በሌላ ይጀምሩ። ጥቂት ጠብታ የሎሚ ጭማቂ ቢጨምሩበት አረፋው ይጸናል። የሚመቱት መምቻውን ሲያነሡት ጫፉ ቆሞ ትንሽ ጎንበስ እስኪል ድረስ ነው። ከዚያ በላይ አይሂዱ። በእኛ ከፍታ አየሩ ራሱ ተጨማሪ ይለጠጣልና ድርቅ ብሎ የተመታ ሜረንግ ባዶነትን ከወዲሁ ይዞ ይመጣል።

ማዋሃዱ ላይ ብዙዎች ይፈራሉ፤ በፍርሃትም ቶሎ ያቆማሉ። ደረቁን ዱቄት በሁለት ጊዜ ይጨምሩና በላስቲክ ማንኪያ ከሥር እያነሡ፣ ከሳህኑ ግድግዳ ጋር በቀስታ ጫን እያደረጉ ያዋህዱ። የሚፈልጉት ውፍረት ከገንፎ የቀጠነ፣ ከአጥሚት የወፈረ ነው። ከማንኪያው ሲለቁት ሳይቆራረጥ ይወርዳል፤ የወረደውም በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከሥሩ ካለው ጋር ተዋህዶ ይጠፋል። እርግጠኛ ካልሆኑ አንድ ማንኪያ ሳህን ላይ ጠብ ያድርጉ፤ ጫፉ ሾሎ ከቀረ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመልሱት፣ እንደገናም ይሞክሩ። ኮኮዋው ሊጡን ስለሚያወፍረው የቸኮሌቱ ሊጥ ከሌላው ትንሽ ረዘም ያለ ማዋሃድ ይፈልጋል። አንዴ ካለፈ ግን መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ እየፈተኑ ይሂዱ።

በክሬም ከረጢት ጨምረው በመጋገሪያ ወረቀት ላይ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል የሚሆን ክብ ክብ ያወርዱታል። ከዚያ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አራት አምስት ጊዜ ጠበቅ አድርገው ይምቱት። ወደ ላይ የሚወጡትን አረፋዎች በስንጥር ጫፍ ያፍርጧቸው። አሰልቺ ሊመስልዎት ይችላል፤ እባክዎ አይዝለሉት። በባሕር ጠረፍ ምንም የማይጎዳ አረፋ እዚህ አናቱን ሰንጥቆ የሚወጣ ይሆናል።

ማድረቁን በሰዓት አይመኑ። ፈረንሳውያኑ ሠላሳ ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ይላሉ። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ሊበቃው ይችላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ወቅት ግን ከሰዓት በላይም ሊጠይቅ ይችላል። ጣትዎን በስሱ ያሳርፉበት፤ ካልተጣበቀና ስስ ቆዳ ከተሰማዎት ደርሷል። እግሩን የሚያወጣውም ይህ ቆዳ ነው። እንፋሎቱ ላዩን መብሳት ሲያቅተው በሥሩ ይወጣል፤ ሲወጣም ቅርፊቱን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ በጠርዙ ዙሪያ የሚታየው የተፈረካከሰ መስመር ያኔ ይፈጠራል። ከልክ በላይ የደረቀ ደግሞ ቆዳው ይወፍርበትና እግሩ በአንድ ጎን ብቻ ይወጣል።

ስለ ኦቨንዎ ጠይቀውኛል፤ እሱም ሊጠረጠር ይገባዋል። የቤት ኦቨን ቁልፉ ላይ የሚያሳየው ቁጥርና ውስጡ ያለው ሙቀት እምብዛም አይገጥሙም። ከዕቃዎች ሁሉ አስቀድመው አንድ የኦቨን ቴርሞሜትር ይግዙ፤ ከሲሊኮን ምንጣፍና ከውድ ሚክሰር ይልቅ እሱ ይጠቅምዎታል። የኦቨኑ ጠቋሚ መብራት ሲጠፋ ዝግጁ ነው ብለው አይመኑ፤ አየሩ ቢሞቅም ግድግዳው ገና ነውና ግማሽ ሰዓት ያሙቁት። ለኬክ ከፍታ ላይ ሙቀት ጨምሩ የሚል ምክር ሰምተው ይሆናል። ለማካሮን ተቃራኒውን ነው የምመክርዎት፤ አዘገጃጀቱ 155 ወይም 160 ዲግሪ ካለ እርስዎ በ145 ይጀምሩ፣ ጊዜውን ግን ወደ 16 ወይም 18 ደቂቃ ያስረዝሙት። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ ከዚህም ዝቅ ያድርጉ። ለስላሳ ሙቀት ውስጡን ከቅርፊቱ እኩል ያጠነክረዋል፤ የባዶነት ዋነኛ መድኃኒትም እሱ ነው። እሳቱ ከሥር ብቻ ከሆነ ሁለት ትሪ ደርበው ይጠቀሙ። በአንድ ጊዜ አንድ ትሪ ብቻ፣ በመካከለኛው መደርደሪያ።

መብሰሉን ለማወቅ አንዱን አናቱን ይዘው ወደ ጎን በቀስታ ይግፉት። አናቱ በእግሩ ላይ ከተንሸራተተ ገና ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩለት። ካልተነቃነቀ ያውጡት። ትሪው ላይ እንዳለ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ከወረቀቱ አያላቁት፤ ቸኩለው ካነሡት ሆዱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

መብራት ቢጠፋስ? ሊጡ በማድረቂያው ጊዜ ላይ ከሆነ አይደንግጡ፤ ትንሽ መቆየቱ ያን ያህል አይጎዳውም። ምድጃ ውስጥ ገብቶ እግሩን አውጥቶ ከሆነ በሩን አይክፈቱ። የታመቀው ሙቀት ብዙ ጊዜ ሥራውን ይጨርሳል፤ በተለይ በደንብ ቀድሞ የሞቀ ምድጃ ከሆነ።

ይህ ሁሉ ጭንቀት ምን ያመጣል ለሚል ሰው መልሴ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ደቂቃ ያለው ጊዜ ነው። በመስታወቱ ሲመለከቱ ጠፍጣፋዎቹ ክቦች በአንድነት ብድግ ይላሉ፤ በእያንዳንዳቸው ሥር እግሩ ብቅ ይላል። በሙያው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬም ያንን ደቂቃ አላሳልፈውም። ልጆች ካሉዎት ወንበር አምጥተው ምድጃው ፊት ያስቀምጧቸው።

ለመሙያው 100 ግራም ከ60 እስከ 70 በመቶ ኮኮዋ ያለው ጥቁር ቸኮሌት በደቃቁ ይክተፉ። 100 ግራም ክሬም ለመፍላት ሲቃረብ ያውርዱና ይጨምሩበት፤ አንድ ደቂቃ ይተዉት፤ ከዚያም ከመሃል እየጀመሩ ያማስሉ። በመጨረሻ 20 ግራም የገበታ ቅቤ። ክሬም ካላገኙ 60 ግራም ወተት ይጠቀሙ። ዘይቱ ተለይቶ ከተበጣጠሰ አንድ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት ጨምረው ሲያማስሉት ይመለሳል። የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ ክሬሙን ሳሞቅ አዲስ የተቆላ የይርጋ ጨፌ ቡና ሰበር ሰበር አድርጌ እጨምርበታለሁ፤ ሩብ ሰዓት ካቆየሁት በኋላ አጥልዬ፣ የጎደለውን ክሬም ሞልቼ፣ እንደገና አሙቄ ቸኮሌቱ ላይ እደፋዋለሁ። የቡናው ኮምጠጥ ማለት የስኳሩን ብዛት ይቆርጠዋል። ማካሮን ከባድ ጣፋጭ ነው፤ የሚያቃናው ነገር ይፈልጋል።

የሞሉትን በዚያው ቀን አይብሉት። በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። የጋናሹ እርጥበት ወደ ቅርፊቱ ይገባና ውስጡ ይለሰልሳል፤ ላዩ ግን ስስ ሆኖ ይቀራል። ትንሽ ባዶ የሆኑትም፣ ትንሽ የደረቁትም በአንድ ሌሊት ይሻሻላሉ። ለዚህ ነው በጥርጣሬ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ማብዛት ከማሳነስ የሚሻለው፤ የደረቀ ይለሰልሳል፣ ያልበሰለ ግን አይድንም። ከመብላትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ያውጡት፤ ቸኮሌት ሲቀዘቅዝ ጣዕሙን ይደብቃልና።

ወደ ጾሙ ጥያቄዎ ስመጣ፣ መልሱ ይቻላል ነው፤ መድኃኒቱም ከጓዳዎ አይጠፋም። ጆኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ በ2014 እ.ኤ.አ. የጥራጥሬ መቀቀያ ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ እንደሚመታ አሳይቷል፤ ለጣፋጭ በጣም የተለመደው የሽምብራ ውሃ ነው። ሽምብራውን አዘፍዝፈው ያለ ጨው ይቀቅሉ፤ ውሃውን አጥልለው በለስላሳ እሳት የእንቁላል ነጭ ያህል እስኪወፍር ያትንኑት፤ ፍሪጅ ውስጥም ያሳድሩት። 100 ግራሙን በ100 ግራም ስኳር ይመቱታል። እዚህ ላይ በእንፋሎት ማሞቅ አያስፈልግም፤ ስኳሩን ግን አድቅቀው ፈጭተው ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። ከእንቁላሉ ይልቅ ረጅም መምታት ይጠይቃል፤ አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ። የሽምብራው ሽታ በመጋገር ጊዜ ይጠፋል፤ ኮኮዋውም ያግዛል። አረፋው ከእንቁላሉ ደከም ያለ ስለሆነ ኮኮዋውን ወደ 10 ግራም ያውርዱ፣ ማድረቂያውን ያስረዝሙ፣ ምድጃውንም ወደ 130 ዲግሪ ዝቅ አድርገው ከ20 ደቂቃ በላይ ይጋግሩት። ለመሙያው ወተት የሌለበትን ጥቁር ቸኮሌት ይምረጡ፤ አንዳንዱ ጥቁር ቸኮሌት የወተት ዱቄት ስላለበት ማሸጊያውን ያንብቡ። በክሬሙ ፈንታ ወፍራም የኮኮናት ወተት በዚያው ልክ ይገባል፤ ቅቤው ይቀራል።